ከአንድ ምሽግ የወጡ ሠዓሊዎች

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ሰው አብዮት አደባባይ የተሰቀሉትን ሦስት ጺማም ራሶች አይረሳም። ማርክስ፣ ኤንግልስ፣ ሌኒን። ለኔ እንደ ግድግዳው ነበሩ። ማን እንደሣላቸው ወይም ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ አስቤ አላውቅም። ብዙ ቆይቶ አንድ የፖስተር መጽሐፍ ስገላልጥ በ1933 የታተመ የሶቪየት ፖስተር አየሁ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ራሶቹ በተርታ ተደርድረዋል። ያው ቤተሰብ ነው፣ ግን አራት ናቸው። አራተኛው ስታሊን ነው።

ሠዓሊው ጉስታቭስ ክሉትሲስ ይባላል። ላትቪያዊ ነው። ወታደር ነበር። ፖስተሩ በወጣ በአምስተኛው ዓመት የስታሊን የምስጢር ፖሊስ ረሸነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሱና ስለ ዘመነኞቹ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜያለሁ። አሟሟቱ ያሳዝናል። እኔን የያዘኝ ግን ከሞቱ በኋላ የሆነው ነው። እነዚህ ሰዎች ከመቃብር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ስማቸው ተቀይሯል። ከሃዲ፣ ጀግና፣ ሰማዕት፣ ሊቅ ተብለዋል። ሥዕሎቹ ግን ያው ናቸው። አንድ መስመር አልተጨመረባቸውም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1915 ነው። ላትቪያ ያኔ አገር አይደለችም፣ የሩሲያ ዛር ግዛት ናት። ሰፊው መሬት የጀርመን ባላባቶች ነው። ቢሮው የሩሲያ ነው። ላትቪያዊው በአብዛኛው ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የጀርመን ጦር ከምዕራብ ገፍቶ የላትቪያን ምዕራባዊ ክፍል ኩርላንድን ሲይዝ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከብቱን እየነዳ፣ ጓዙን በጋሪ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። በዚያው በጋ ሩሲያ እስከዚያ የከለከለችውን ፈቀደች። ላትቪያውያን በራሳቸው መኮንኖች የሚመሩ የተኳሽ ሻለቆች እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ስምንት ሻለቃ ተቋቋመ፣ በኋላም ወደ ክፍለ ጦር አደጉ። ከዘማቾቹ ውስጥ የሥዕል ተማሪዎችና ገና ስም ያላወጡ ሠዓሊዎች ነበሩ።

ውጊያው ክፉ ነበር። ዳውጋቫ ወንዝ ዳር «የሞት ደሴት» የሚሉት ቦታ ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደባቸው። በጃንዋሪ 1917 መጀመሪያ፣ በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ገና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ነጭ ካባ ደርበው፣ መድፍ ሳይቀድማቸው፣ የሽቦውን አጥር እየቆረጡ በበረዶው ረግረግ ላይ ጀርመኖችን አጠቁ። መስመሩን ሰበሩት። ድሉን የሚያሰፋ ተጠባባቂ ጦር ግን አልደረሰላቸውም። በዚያ ወር ውጊያ 9,000 ገደማ ላትቪያውያን ተኳሾች ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ለትንሽ ሕዝብ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ በዛሩ ጄኔራሎች ላይ የነበራቸው እምነት አለቀ። የቦልሼቪክ ቀስቃሽ ምሽጉ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ታርሶ ጠበቀው።

ከነዚህ ሰዎች ሁሉ እኔ አብዝቼ የምመለስበት ያዜፕስ ግሮስቫልድስ ነው። የሪጋ የታወቀ ጠበቃ ልጅ ነው። ሙኒክና ፓሪስ ተምሯል። ደልቶት የኖረ ልጅ ማለት ይቻላል። ጦርነቱ ሲመጣ ከተኳሾቹ ጋር ተሰለፈ፣ መኮንንም ሆነ። መጀመሪያ ስደተኞቹን፣ ቀጥሎ ተኳሾቹን ሣለ። ጀብዱ ብትፈልጉ እሱ ጋ አታገኙም። ፈረስ የሚያስፈረጥጥ ጄኔራል የለም። ያለው የጎበጠ ትከሻ፣ ጋሪ፣ ግራጫ ሰማይ፣ የእንጨት መስቀል ነው። «ነጫጭ መስቀሎች» የሚለውን ሥዕሉን ያየ ሰው ማን እንዳሸነፈ ለመጠየቅ አይቸኩልም። ቀለሙ ቁጥብ ነው፣ መስመሩም እንዲሁ። ፓሪስ የተማረውን ዘመናዊ አሣሣል ለኀዘን አዋለው። ይሄ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው አዲስ ስልት ሲማር ስልቱን ለማሳየት ይሥላል።

የእድሜ ታናሹ ዬካብስ ካዛክስም በ1917 «ስደተኞች» የሚል ሥዕል ሠራ። ሰዎቹ እንደተተከለ ነገር ቀጥ ብለው ቆመዋል። አያለቅሱም። ዛሬ ያንን ዘመን በአንድ ሥዕል አሳየኝ የሚለኝ ቢኖር ይህንን አሳየዋለሁ።

ሁለቱም ገና በወጣትነታቸው አለፉ። ግሮስቫልድስ በ1918 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ ፋርስና ሜሶፖታሚያ ዘልቆ፣ እዚያም እየሣለ፣ በመጨረሻ ፓሪስ ላይ ከአዲሲቷ ላትቪያ ልዑካን ጋር ሳለ በፌብሩዋሪ 1920 በስፓኒሽ ፍሉ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። ካዛክስን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ ወሰደው። እሱ 25 ነው።

ክሉትሲስ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ1895 በሩየና አካባቢ ተወለደ። አባቱ የደን ሠራተኛ ነበር። ሪጋ የሥዕል ትምህርት ቤት ጀምሮ ሳለ በ1915 ለውትድርና ተጠርቶ ፔትሮግራድ ወረደ። አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው ነበር። ከዚያ ወደ 9ኛው የላትቪያ ተኳሽ ክፍለ ጦር ገባ። ይህ ክፍለ ጦር በመጀመሪያ የሌኒን መንግሥት የተቀመጠበትን ስሞልኒን ጠበቀ፣ ዋና ከተማው በማርች 1918 ወደ ሞስኮ ሲዛወር ደግሞ ክሬምሊንን። ሌኒን በሩሲያውያን መካከል ሆኖ የሚያምነው ዘበኛ ላትቪያዊው ነበር።

ክሬምሊን ውስጥ ተኳሾቹ የሥዕል ስቱዲዮ ነበራቸው። አስቡት እንግዲህ። ከተማው ርቧል፣ ጦርነት በየአቅጣጫው ነው፣ እነዚህ ልጆች ከዘብ ፈረቃቸው ተመልሰው ብሩሽ ያነሳሉ። ክሉትሲስ በ1918 ጓዶቹን በጥቃት ላይ ሣላቸው። ሰውና ጠመንጃ በሹል ማዕዘን ተቆራርጠው፣ ሰያፍ ሆነው ወደ ፊት ይወረወራሉ። ከግሮስቫልድስ መስቀሎች ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት የአንድ ጦር ሠራዊት ሰዎች ናቸው ብላችሁ አታምኑም። ናቸው ግን። አንደኛው የሚያየው የጠፋውን ነው፣ ሌላው የሚመጣውን።

ከዚያ ማሌቪችና ፔቭስነር የሚባሉ የሩሲያ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ዘንድ ተማረ። በ1919 «ተለዋዋጭ ከተማ» የሚለውን ሠራ። አንድ ትልቅ ክብ አለ፣ ከክቡ በየአቅጣጫው ሕንፃ የሚመስል ነገር ይወጣል። የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ሆን ብሎ አይነግራችሁም። ቀለሙ ውስጥ አሸዋና ሲሚንቶ ቀላቅሏል። ይህ ሥዕል ዛሬ ግሪክ፣ ተሰሎንቄ ነው ያለው። ጆርጅ ኮስታኪስ የሚባል ሞስኮ የኖረ ግሪካዊ ሰብሳቢ ማንም የማይፈልጋቸውን የዚያ ዘመን ሥዕሎች ሲያከማች አብሮ አዳነው።

ቀጥሎ ክሉትሲስ ከሸራው ወጣ። ፎቶግራፍ እየቆረጠ መለጠፍ ጀመረ። ፎቶሞንታዥ የሚሉት ነው። በሩሲያ ጀማሪው እኔ ነኝ ይል ነበር፣ የበርሊኖቹ ሠዓሊዎች ደግሞ እኛ ነን ይላሉ። ለኔ ክርክሩ ብዙም አይጥመኝም። የሚጥመኝ ምን ሠራበት የሚለው ነው። በ1920 ሌኒንን ግዙፍ አድርጎ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አስይዞ በዓለም ላይ አራመደው። በ1922 ለአብዮቱ አምስተኛ ዓመትና ለኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) ጉባኤ አደባባይ ላይ የሚቆሙ ድምፅ ማጉያና ስክሪን የተሸከሙ ማማዎች ነደፈ። ከእንጨት፣ ከገመድና ከሸራ የሚሠሩ። አብዛኞቹ ወረቀት ላይ ቀሩ። ድህነቱ ንድፉ ላይ ይታያል፣ ደስታውም ይታያል። የዚያን ጊዜውን ክሉትሲስ እወደዋለሁ።

በ1930 «የታላላቅ ሥራዎችን ዕቅድ እንፈጽማለን» የሚለውን ፖስተር አወጣ። አንድ የተዘረጋ ትልቅ መዳፍ፣ በውስጡ ብዙ ትናንሽ እጆች። ትልቁ እጅ የራሱ የክሉትሲስ ነው፣ ፎቶ ተነስቶ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስታሊን ረጅም ካፖርቱን ለብሶ ከማዕድን ሠራተኞች ጋር አብሮ የሚራመድበት ፖስተር መጣ። ቅንብሩ ግሩም ነው፣ ውሸትም ነው። ስታሊን ከሠራተኛው ጋር እግሩን አስተካክሎ ሲራመድ የሚታየው መቀስና ሙጫ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያው ዓመታት ገበሬው ከመሬቱ እየተነቀለ ይጋዝ ነበር፣ ረሃቡም እየመጣ ነበር።

ያውቅ ነበር? እያንዳንዱን ነገር ባያውቅም የሚያየው ነገር አልጠፋም። የሥዕሎቹን አቅጣጫ ብቻ ተከታተሉ። መጀመሪያ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መሪው ከሕዝቡ አንዱ ነው። ቀስ በቀስ መሪው ይገዝፋል፣ ሕዝቡ ያንሳል። በመጨረሻ ፖስተሩን የሚሞላው አንድ ፊት ነው።

በኖቬምበር 1937 መጨረሻ የምስጢር ፖሊሱ «የላትቪያ ዘመቻ» የሚባለውን ትእዛዝ አወጣ። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ያለ ላትቪያዊ በላትቪያዊነቱ ተጠርጣሪ ሆነ። ከ16,000 በላይ ሰው በዚህ ዘመቻ ተረሸነ። ሞስኮ የነበረው «ስካቱቬ» የሚባል የላትቪያ ቴአትር ቤት ተዋናዮቹ ታፍሰው ተዘጋ። በጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞች ስም የነበራት ማሪያ ሌይኮ ከነሱ ጋር ተገደለች። የቀይ ጦር የመጀመሪያው ጠቅላይ አዛዥ የነበረው የቀድሞው ተኳሽ መኮንን ዩኩምስ ቫትሲየቲስም በ1938 በጋ ተረሸነ። ክሬምሊንን የጠበቁትን ክሬምሊን በላቸው።

ክሉትሲስ በጃንዋሪ 1938 ተያዘ። በፌብሩዋሪ 26 ከሞስኮ ደቡብ ቡቶቮ በሚባለው ቦታ ተገደለ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ሌላው ላትቪያዊ ሠዓሊ አሌክሳንድርስ ድሬቪንሽም ተገደለ። ድሬቪንሽ ፖስተር ሠሪ አልነበረም። የአልታይ ተራሮችንና የአርሜኒያን መልክዓ ምድር የሚሥል፣ ፖለቲካው ያልገባበት ቀለም ወዳድ ነበር። ስታሊንን ያገዘፈውም ተራራ የሣለውም አንድ ጉድጓድ ገቡ።

ሚስቶቻቸውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የድሬቪንሽ ሚስት ናዴዥዳ ኡዳልትሶቫ ራሷ ትልቅ ሠዓሊ ናት። ፖሊሶቹ ሲመጡ የባሏን ሥዕሎች «የኔ ናቸው» አለች። ዛሬ ሙዚየም የምናያቸው በዚያች አንድ ውሸት ተርፈው ነው። የሱን መገደል ያወቀችው በ1956 ነበር። የክሉትሲስ ሚስት ቫለንቲና ኩላጊናም ፖስተር ሠሪ ናት። ለእሷ ባሏ በ1944 በልብ ሕመም ሞተ ተባለ። ወረቀትም ተሰጣት። በ1987 አረፈች። እውነቱ የተገኘው በ1989 ነው። በሁለት ዓመት ብቻ አመለጣት።

አሁን ወደ ስማቸው ልምጣ።

ላትቪያ ነፃነቷን በኖቬምበር 1918 አወጀች። ከጥቂት ወራት የቦልሼቪክ አገዛዝና ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1920 ጀምሮ ሪጋ ላይ ግሮስቫልድስና ካዛክስ የአዲሱ ሥዕል አባቶች ተደርገው ታዩ። የሪጋ የሠዓሊዎች ቡድን በነሱ መንፈስ ተቋቋመ። ሞስኮ የቀሩትስ? ከቦልሼቪኮች ጋር ስለቆመው «ቀይ ተኳሽ» ብዙ ሰው ማውራት አይፈልግም ነበር። የገዛ ወንድምህ ነው፣ ግን ከተማህን ለቀዮቹ ሊይዝ ተመልሶ የመጣውም እሱ ነው። ዝም ማለት ይቀላል። ደግሞ ነገሩ ያን ያህል ንጹሕ አልነበረም። በ1919 ቀዮቹ ሪጋን ሲይዙ ለሜይ 1 በዓል ከተማዋን ያስጌጡት እዚያው ያሉት ወጣት ሠዓሊዎች ናቸው። ሥራ ነበር፣ ደስም ይል ነበር። በኋላ ያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየት ላትቪያን ይዞ ሲቀር ሚዛኑ ተገለበጠ። የሪጋ ዘመናዊ ሠዓሊዎች «ፎርማሊስት» ተባሉ፣ ይዘቱን ትተው ቅርጹን የሚያመልኩ ለማለት። ያኔ መጥፎ ስድብ ነው፣ ሥራም ያሳጣል። ከነሱ አንዱ ሮማንስ ሱታ ያንን እንኳን አላየም። በ1944 ትብሊሲ ላይ ተረሽኗል። ክሉትሲስስ ከፍ አለ? አላለም። ስታሊን ያስገደላቸውን ቀይ ተኳሾች ማን ደፍሮ ያወድሳል? ከ1956 ወዲያ ነው በሩ የተከፈተው። ክሉትሲስ በዚያ ዓመት ነፃ ተባለ። በ1971 ሪጋ መሃል፣ ከዳውጋቫ ወንዝ አጠገብ፣ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሦስት የቀይ ድንጋይ ወታደሮች ተተከሉ። የቀይ ላትቪያ ተኳሾች ሐውልት። አጠገቡ ጥቁር ሣጥን የሚመስል ሙዚየም። ሐውልቱን ያቆመው መንግሥት ሰዎቹን የገደለው መንግሥት ነው። የድንጋዩ ጽሑፍ ይህን አይነግርም ነበር።

ከ1991 በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር መጣ። ያ ጥቁር ሣጥን ከ1993 ጀምሮ የወረራ ሙዚየም ሆነ። ሐውልቱ ይፍረስ የሚል ክርክር ተነሳ፣ እስካሁንም አልፎ አልፎ ይነሳል። ግን ቆሟል። ከስሙ «ቀይ» የሚለው ወጥቶ የላትቪያ ተኳሾች ሐውልት ሆነ። የኛው የአዲስ አበባው ሌኒን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። በ1983 ቆሞ በ1991 ወረደ። ሌኒንን ስም ቀይሮ ሌላ ሰው ማድረግ አይቻልም። ስም የሌለውን ወታደር ግን ይቻላል፣ የሪጋዎቹም ያተረፋቸው ይሄ ይመስለኛል።

ምዕራቡ በበኩሉ ክሉትሲስን በራሱ መንገድ አጠበው። ትልልቅ ሙዚየሞች የዘመናዊ ዲዛይን ጀማሪ፣ ሊቅ አሉት። ልክ ነው፣ ነውም። የሚያስከፋኝ አቀራረቡ ነው። የ1919ኙ ክብ ሰፊ ግድግዳ ያገኛል፣ የስታሊን ፖስተሮች እንደ አሳፋሪ ዘመድ ጥግ ይያዛሉ። ከዚያ መጨረሻው ላይ «በ1938 ተገደለ» የሚል መስመር ይመጣል። ጎብኚው አዝኖ ይወጣል። ሞቱ ሁሉንም ነገር ይቅር አስባለለት ማለት ነው። እኔ እንዲህ ማዘን አልችልም። በደል ደርሶበታል፣ ያ አይካድም። ግን ያ የተዘረጋ እጅ የራሱ እጅ ነው። ማንም አስገድዶ ፎቶ አላነሳውም። አምኖ ነው የዘረጋው። እምነቱን ከሠዓሊነቱ ነጥለን ብንጥል የሚቀረው ሰው ክሉትሲስ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ካርሊስ ዛሌ ነው። ቀራፂ ነው። በ1918 እና በ1919 ፔትሮግራድ ላይ ሌኒን ባዘዘው የሐውልት ዘመቻ ለአብዮቱ የሩሲያዊውን ሐያሲ የዶብሮልዩቦቭንና የጣሊያናዊውን አብዮተኛ የጋሪባልዲን ሐውልት የሠራው እሱ ነው። ከዚያ አገሩ ገባ። የላትቪያ ወታደሮች ያረፉበትን የወንድማማቾች መካነ መቃብር ሐውልቶች ቀረፀ። በ1935 በሕዝብ መዋጮ የተሠራው 42 ሜትር የነፃነት ሐውልት ሪጋ መሃል ቆመ። እሱም የዛሌ ነው። በ1987 በሶቪየት ላይ የተነሳው የመጀመሪያው ግልጽ ሰልፍ አበባ ያስቀመጠው እዚያ ሥር ነው። ዛሌን «ለሌኒን ሠርተህ አልነበረም ወይ» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቀዮቹ ሐውልቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ስለጠፉ ይሆናል። በጊዜ ስለተመለሰም ይሆናል።

ግሮስቫልድስንም ሳስብ ያው ጥያቄ ይመጣብኛል። በ28 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ 1940ን፣ 1941ን፣ 1944ን፣ ማለትም ሶቪየት፣ ቀጥሎ ጀርመን፣ እንደገና ሶቪየት ላትቪያን የያዙባቸውን ዓመታት፣ ያይ ነበር። ወንድሙ ዲፕሎማት ሆኖ ፓሪስ ላይ የላትቪያን መንግሥት ወክሏል። እሱስ የቱ ጋ ይቆም ነበር? ጓደኛው ኒክላቭስ ስትሩንኬ፣ እሱም የቀድሞ ተኳሽ፣ በ1944 ወደ ስዊድን ተሰደደ። ሌሎች ቀርተው ጎንበስ አሉ። ግሮስቫልድስ እንዲህ ያለ ፈተና ስላልደረሰበት ነው ንጹሕ ሆኖ የቀረው። ይህን ስል ሥዕሎቹን አላሳንስም። ከክሉትሲስ ይልቅ እሱን ነው የምወደው። ግን ፍቅሬ ውስጥ የፍሉው እጅ እንዳለበት አውቃለሁ።

የክሉትሲስ ሥራ ትልቁ ክፍል ዛሬ ሪጋ፣ በላትቪያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። የግሮስቫልድስም እዚያው ነው። ስቀል ብባል በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምሰቅለው፤ «ነጫጭ መስቀሎች»፣ የ1918ቱ የተኳሾች ጥቃት፣ እና ስታሊን ከማዕድን ሠራተኞቹ ጋር የሚራመድበት የ1931ዱ ፖስተር። ሦስተኛውን እዚህ ምን አመጣው የሚል ጎብኚ አይጠፋም። የመጣው ከሁለተኛው ነው። ሠዓሊው አንድ ነው፣ በመካከላቸውም 13 ዓመት ብቻ አለ።